ሽቦው ለምን ይግላል?

ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ሬዚስታንስ በሬዲዮ የተሰጠ ትምህርት

እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ ደብተርና እርሳሳችሁን ይዛችሁ ወደ ሬዲዮናችሁ ጠጋ በሉ። ይህን ንግግር ታትሞ ያገኛችሁት ደግሞ አትቸኩሉ። ጣታችሁን ከመስመሩ ሥር እያስኬዳችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ያልገባችሁ ቦታ ሲኖር ቁሙና እንደገና አንብቡት። በቤት ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ካለ አብራችሁ አንብቡ። ትምህርቱ እሱም ዘንድ ያለ ስለሆነ ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ።

ዛሬ የምንማረው ስለ ኤሌክትሪክ ነው። ከኤሌክትሪክም ውስጥ ሬዚስታንስ ስለሚባለው ነገር ነው። «ይህ የመሐንዲሶች ወሬ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖር ይሆናል። እስቲ አስቡት። የኤሌክትሪክ ምጣዳችሁ አልግል ሲል ወደ ጠጋኝ ትወስዱታላችሁ። ጠጋኙም ገልበጥ አድርጎ ያይና፣ «ሬዚስታንሱ ተበጥሷል፣ ይቀየር» ይላችኋል። በሸክላው ሥር ተጠምዝዞ የተዘረጋው ያ ሽቦ ነው። እንግዲህ ሬዚስታንስን በስሙ ታውቁታላችሁ ማለት ነው። የቀረን ሥራውን ማወቅ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። በየሰፈሩ ከጎረቤት ቤት ቀጭን ገመድ ስቦ ምጣድ የሚጥድ ሰው ብዙ ነው። ገመዱ ይግላል፤ ፕላስቲኩ ይሸታል። «ምን ይደረግ፣ ኮረንቲ እኮ ነው» ተብሎ ይታለፋል። አንድ ቀን ግን ያ ገመድ ከግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያያይዛል። ቤት ይነዳል፤ ሰው ይጎዳል። ኮረንቲ ግን ያለ ምክንያት አያቃጥልም። ምክንያቱን ያወቀ ሰው መከላከያውንም ያውቃል። የዛሬው ትምህርት ዓላማው ይኸው ነው።

ኤሌክትሪክ ምንድን ነው?

በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ፣ ድንጋዩም፣ ብረቱም፣ እኛም ራሳችን፣ አተም ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች የተሠራ ነው። በአተም ውስጥ ደግሞ ኤሌክትሮን የሚባሉ ከአተሙም ይልቅ ያነሱ ነገሮች አሉ። በመዳብ ሽቦ ውስጥ ከኤሌክትሮኖቹ አንዳንዶቹ አይታሰሩም። ባለቤት እንደሌለው ከብት ከአንዱ አተም ወደ ሌላው ይዘዋወራሉ። የሚገፋቸው ነገር ሲመጣ ሁሉም በአንድነት ይንቀሳቀሳሉ። ይህ የኤሌክትሮኖች ጉዞ ነው ኤሌክትሪክ የምንለው። ኮረንቲ የሚለውም ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን፣ ትርጉሙ የሚፈስ ወይም የሚሮጥ ማለት ነው።

ኤሌክትሮኖቹ በቀላሉ የሚያልፉባቸው ነገሮች አስተላላፊ ይባላሉ። መዳብ፣ አሉሚኒየም፣ ብረት፣ እንዲሁም ቆሻሻና ጨው ያለበት ውሃ አስተላላፊዎች ናቸው። በቀላሉ የማያልፉባቸው ደግሞ የማያስተላልፉ ይባላሉ። ፕላስቲክ፣ ጎማ፣ መስተዋት፣ ሸክላና ደረቅ እንጨት ከነዚህ ይቆጠራሉ። የቤታችሁን ገመድ ልብ ብላችሁ እዩት። ውስጡ መዳብ ነው፤ ላዩ ፕላስቲክ ነው። ውስጡ ኮረንቲውን ያሳልፋል፤ ላዩ እንዳይወጣ ያግደዋል።

አንድ ነገር አትርሱ። የወንዝ ውሃ ወርዶ ይቀራል። ኤሌክትሪክ ግን መሄጃና መመለሻ ይፈልጋል። ስለዚህ ነው ከሶኬት የሚወጣው ገመድ ቢያንስ ሁለት ሽቦ የሚኖረው። መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ከተቋረጠ ጉዞው ሁሉ ይቆማል። ማብሪያ ማጥፊያውም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ መንገዱን ያገናኛል ወይም ይቆርጣል።

ሦስቱ ነገሮች

ኤሌክትሪክን ለመረዳት ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። እነሱም ግፊት፣ ፍሰትና ሬዚስታንስ ናቸው። በውሃ እንመስለው።

ከፍ ካለ ቦታ ላይ ውሃ የሞላ በርሜል አለ እንበል። ከበርሜሉ ሥር ጎማ ተገጥሟል። በርሜሉ ከፍ ባለ ቁጥር ውሃው በኃይል ይወርዳል። ይህ ግፊት ነው። በኤሌክትሪክ ግፊቱ የሚለካው በቮልት ነው። ለእጅ ባትሪ የሚገባው አንድ የባትሪ ድንጋይ ግፊቱ 1.5 ቮልት ነው። በአገራችን በቤት ውስጥ ሶኬት ላይ ያለው ግን 220 ቮልት ነው። ልዩነቱን ልብ በሉ።

ከጎማው ጫፍ በአንድ ደቂቃ ስንት ጣሳ ውሃ ይወጣል? ይህ ፍሰት ነው። በኤሌክትሪክ ፍሰቱ የሚለካው በአምፔር ነው። በቤታችን መስመር ውስጥ ፍሰቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይሄድም። በሰኮንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ቢሆንም ሽቦውን ያሞቃል፤ አምፖሉን ያበራል።

አሁን ጎማውን በእጃችሁ ጨመቅ አድርጉት። በርሜሉ ያው ነው፤ ከፍታውም ያው ነው። የሚወጣው ውሃ ግን ቀነሰ። ለምን? መንገዱ ስለጠበበ። ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚይዘው፣ መንገዱን የሚያከብድበት ነገር ሬዚስታንስ ይባላል። የሚለካውም በኦም ነው።

ቮልት፣ አምፔርና ኦም የሰዎች ስሞች ናቸው። ቮልታ ጣሊያናዊ ሲሆን በ1800 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ባትሪ የሠራ ነው። አምፔር ፈረንሳዊ ሊቅ ነው። ስለ ኦም ግን ወደ በኋላ ለብቻው እንነጋገራለን፤ ታሪኩ ለእኛ ለተማሪዎች ይጠቅማልና።

ሬዚስታንስ በምን ይበዛል፣ በምን ያንሳል?

የአንድ ሽቦ ሬዚስታንስ በአራት ነገሮች ይወሰናል።

አንደኛው የተሠራበት ነገር ነው። መዳብ ጥሩ መንገድ ነው። የምጣድና የምድጃ ሽቦ ግን ኒክሮም ከሚባል ነገር ይሠራል። ኒክሮም ኒኬልና ክሮሚየም የሚባሉ ሁለት ማዕድናት የተቀላቀሉበት ነው። ርዝመታቸውና ውፍረታቸው እኩል የሆነ የመዳብና የኒክሮም ሽቦ ብናስተያይ፣ የኒክሮሙ ሬዚስታንስ የመዳቡን 60 እጥፍ ያህል ይሆናል። ኒክሮም ቀልቶ ሲግል ቶሎ አይቀልጥም፤ ቶሎም አይበላም። ለምጣድ የተመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ርዝመት ነው። መንገድ በረዘመ ቁጥር መንገደኛ ይደክማል። ሽቦውም እንዲሁ ነው። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ሬዚስታንሱም እጥፍ ይሆናል።

ሦስተኛው ውፍረት ነው። የገበያ በር ሰፊ ሲሆን ሕዝብ ሳይጋፋ ይወጣል። ጠባብ ሲሆን ይጋፋል፤ ይፋተጋል። ወፍራም ሽቦ ሰፊ በር ነው። ቀጭን ሽቦ ጠባብ በር ነው። የሽቦው የውስጥ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ ሬዚስታንሱ እጥፍ ይሆናል።

አራተኛው ሙቀት ነው። እንደ መዳብ ያሉ ማዕድናት ሲግሉ ሬዚስታንሳቸው ይጨምራል። በድሮው አምፖል ውስጥ ያለው ቀጭን ክር፣ ተንግስተን ከሚባል ማዕድን የተሠራ ነው። ሲበራ ሬዚስታንሱ ቀዝቃዛ ከነበረበት ጊዜ ከ10 እጥፍ በላይ ያድጋል። ገና ሲበራ ግን ክሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ብዙ ኮረንቲ በአንድ ጊዜ ይገባበታል። እንዲህ ያለው አምፖል ብዙውን ጊዜ የሚቃጠለው ማብሪያውን ስንጫን የሆነው ለዚህ ነው።

የመምህሩ ሕግ

እንግዲህ ወደ ኦም እንመለስ። ሙሉ ስሙ ጌኦርግ ሲሞን ኦም ይባላል። በ1789 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ኤርላንገን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የቁልፍ ሠሪ ነበሩ። አባቱ በራሳቸው ጥረት የተማሩ ሰው ነበሩ። ሂሳብና ሳይንስም ለልጆቻቸው ራሳቸው ያስተምሩ ነበር። ልብ በሉ፤ በራሱ ጥረት የተማረ የእጅ ባለሙያ አባት ነው ለዓለም ይህን የመሰለ ሰው ያበረከተው። እናንተም ዛሬ ፊደል የምትቆጥሩት ለራሳችሁ ብቻ አይደለም።

ኦም መምህር ሆነ። ኮሎኝ በምትባል ከተማ በትምህርት ቤት ሲያስተምር ሳለ ሽቦዎችን እየለዋወጠ ይመረምር ነበር። ያገኘውንም በ1827 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣ። በመጀመሪያ በአገሩ ብዙዎች በቁም ነገር አልተቀበሉትም። በ1841 እ.ኤ.አ. ግን የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር ትልቅ ሜዳልያ ሸለመው። ከሞተም በኋላ ስሙ የሬዚስታንስ መለኪያ ሆነ።

ሕጉ እንዲህ ይላል። ግፊቱን ለሬዚስታንሱ ብታካፍሉት ፍሰቱን ታገኛላችሁ። በአጭሩ፣ ቮልት ሲካፈል ለኦም አምፔር ይሆናል። ግፊት ሲጨምር ፍሰት ይጨምራል። ሬዚስታንስ ሲጨምር ፍሰት ይቀንሳል።

እስቲ ደብተራችሁን አውጡ። የአንድ ምጣድ ሬዚስታንስ 20 ኦም ነው እንበል። ሶኬቱ 220 ቮልት ነው። 220 ለ20 ሲካፈል ስንት ነው? 11 ነው። ስለዚህ ምጣዱ 11 አምፔር ይስባል ማለት ነው።

ጉልበቱስ? ጉልበት የሚለካው በዋት ነው። ቮልቱን በአምፔሩ ማባዛት ነው። 220 በ11 ሲባዛ 2,420 ዋት ይሆናል። በየቤቱ ያለው የእንጀራ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይበልጣል፤ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት የሚስብ አለ። እኛ ለሂሳቡ እንዲመቸን አነስ ያለውን ወስደናል።

ምጣዱና ቀጭኑ ገመድ

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። ይህ ምጣድ ያለው 30 ሜትር ርቆ ከሚገኝ ጎረቤት ቤት መስመር በተሳበበት ቤት ነው እንበል። ገመዱ የመብራት ገመድ ነው፤ ቀጭን ነው። የመዳቡ የውስጥ ስፋት ግማሽ ሚሊሜትር ካሬ ነው። መሄጃው 30 ሜትር፣ መመለሻው 30 ሜትር፣ በድምሩ 60 ሜትር ሽቦ ነው። የዚህ ሽቦ ሬዚስታንስ 2 ኦም ያህል ይሆናል።

«2 ኦም ምን አላት?» ትሉ ይሆናል። እናስላው። የምጣዱ 20 ኦም፣ የገመዱ 2 ኦም፣ ሲደመር 22 ኦም ነው። 220 ለ22 ሲካፈል 10 ይሆናል። እንግዲህ የሚያልፈው ኮረንቲ ከ11 ወደ 10 አምፔር ወረደ።

ሙቀቱን ለማወቅ አምፔሩን በራሱ አባዙት፤ ቀጥሎ በኦሙ አባዙት። 10 በ10 ሲባዛ 100 ነው። ለምጣዱ 100 በ20 ሲባዛ 2,000 ዋት ነው። ለገመዱ ደግሞ 100 በ2 ሲባዛ 200 ዋት ነው።

አያችሁ? ምጣዱ ይሰጥ የነበረው 2,420 ዋት ወደ 2,000 ዋት ወረደ። እንጀራው ዓይን የማያወጣው፣ እናቶች «ዛሬ ምጣዱ ምን ነካው?» የሚሉት ለዚህ ነው። 200 ዋቱ ደግሞ እየጠፋ ያለው ገመዱ ውስጥ ነው፤ ገመዱን እያሞቀ። ሂሳቡም አይቀርም። ቆጣሪው ገመዱንና ምጣዱን አይለይም። 5 ሰዓት ሲጋገር 200 በ5 ሲባዛ 1,000 ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህም 1 ኪሎዋት ሰዓት ነው። አንድም እንጀራ ሳይጋገርበት የሚከፈልበት ማለት ነው።

ገመዱ በነፋስ ላይ ተዘርግቶ ከሆነ ሙቀቱ ይበተናል። ተጠቅልሎ ከተቀመጠ፣ በምንጣፍ ሥር ካለፈ፣ ወይም ጭድና ጨርቅ ከተጫነበት ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ይከማቻል። ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፤ ይቀልጣል፤ ሁለቱ ሽቦዎች ይነካካሉ። በዚያን ጊዜ በመንገዱ ላይ ምጣዱ የለም፤ 20 ኦሙ ቀርቷል። ሬዚስታንስ ከጠፋ ፍሰቱን የሚገታው ነገር የለም። በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ አምፔር ይሮጣል። ብልጭታውና እሳቱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ መጋጠሚያ ነው። ሁለት ሽቦ በእጅ ተጠምዝዞ ላስቲክ ሲታሰርበት፣ ሽቦውና ሽቦው የሚነካካው በጥቂት ቦታ ብቻ ነው። ዝገትም ይገባበታል። ሰፊው በር ጠባብ ቀዳዳ ሆነ ማለት ነው። የመጋጠሚያው ሬዚስታንስ 1 ኦም ብቻ ቢሆን፣ በ10 አምፔር ጊዜ 100 ዋት ሙቀት ይሰጣል። 100 ዋት ማለት ትልቁ የድሮ አምፖል ነው። ያን አምፖል ሲበራ በእጁ የነካ ሰው ሙቀቱን ያውቀዋል። ያ ሁሉ ሙቀት የጣት ጫፍ በምታህል ቋጠሮ ላይ አረፈ ማለት ነው። ስፒናውና ሶኬቱ ሲላሉም እንዲሁ ነው። ሶኬቱ ቡናማ ሆኖ ከጠቆረ፣ «አርጅቷል» ብላችሁ አትለፉት። እየተቃጠለ ነው።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር

እዚህ ላይ አስተዋይ ተማሪ አንድ ጥያቄ ያነሳል። «ሬዚስታንስ ሲበዛ ሙቀት ይበዛል ብለሃል። ሬዚስታንስ ሲበዛ ፍሰት ይቀንሳልም ብለሃል። ታዲያ የትኛው ነው?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም የሚሰናከሉበት ነው።

መልሱ እንዲህ ነው። ገመዱ፣ መጋጠሚያውና ምጣዱ በአንድ መንገድ ላይ ተከታትለው የተሠለፉ ናቸው። በሁሉም ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ እኩል ነው። ስለዚህ ሬዚስታንሱ የበዛበት ቦታ ይበልጥ ይግላል። ምጣዱ ከገመዱ ይበልጥ የሚግለው፣ መጥፎው ቋጠሮም ከደህናው ሽቦ ይበልጥ የሚግለው በዚህ ነው።

ሁለት ምጣዶች ግን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ከሶኬት ጋር ቢገናኙ ሁለቱም ሙሉውን 220 ቮልት ያገኛሉ። ያን ጊዜ ሬዚስታንሱ ያነሰው ብዙ አምፔር ይስባል፤ ይበልጥም ይግላል።

ይህን ያላወቀ ሰው ይጎዳል። የምጣድ ሽቦ ሲበጠስ አንዳንዱ ሰው ቆርጦ ያሳጥረውና መልሶ ይገጥመዋል። «ይኸው ተሠራ፣ እንዲያውም ከበፊቱ ይግላል» ብሎ ይደሰታል። እውነቱን ነው፤ ይግላል። 20 ኦም የነበረው 16 ኦም ቢሆን፣ 220 ለ16 ሲካፈል ወደ 14 አምፔር ይጠጋል። 11 አምፔር ይችል የነበረው ገመድና ሶኬት 14 ሊሸከም ነው። ሽቦውም ራሱ ቶሎ ይቃጠላል። ደስታው የሁለት ሳምንት ነው።

ፊውዝና ብሬከር ዘበኞች ናቸው

ፊውዝ ሆን ተብሎ እንዲቀልጥ የተሠራ ቀጭን ሽቦ ነው። መስመሩ ከሚችለው በላይ አምፔር ሲመጣ፣ ከቤቱ በፊት እሱ ይቃጠላል፤ መንገዱን ይቆርጣል። ብሬከርም ያንኑ ሥራ ሳይቃጠል ይሠራል። ብሬከር ሲወርድ «ተበላሸ» አንበል። ዘበኛው «አደጋ አለ» ብሎ ጮኸ ማለት ነው።

ታዲያ ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር በቦታው ወፍራም ሽቦ ወይም ሚስማር የሚያስገባ ሰው አለ። ይህ ሰው ውሻው ሌሊት ጮኸብኝ ብሎ አፉን የሚያስር ሰው ነው። ሌባው ሲመጣ የሚጮህ የለም። አሁን ቤቱ ውስጥ ከሁሉ በፊት የሚቀልጠው ፊውዙ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ያለው ገመድ ነው።

በአንድ ሶኬት ላይ ምጣድ፣ ካውያና ምድጃ በአንድነት አትሰኩ። አምፔራቸው ይደመራል። 11፣ 5 እና 9 አምፔር የሚስቡ ሦስት ዕቃዎች በአንድ ገመድ ላይ 25 አምፔር ይሆናሉ።

ከግድብ እስከ ቤት

ሬዚስታንስ የሚያስቸግረው የመንደር ገመድን ብቻ አይደለም። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በጉባ ይገኛል። የተመረቀውም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ከዚያ የሚነሳው ኃይል በመቶ በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ሽቦ ላይ ይጓዛል። ርዝመት ሬዚስታንስን ይጨምራል ብለናል። ታዲያ ኃይሉ በመንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ እንዳያልቅ ምን ተደረገ?

ግፊቱን ከፍ አደረጉት። ከግድቡ የሚነሳው ትልቁ መስመር 500,000 ቮልት ነው። ጉልበት ቮልት በአምፔር ሲባዛ ነው ብለን የለም? ቮልቱ ከፍ ካለ ያንኑ ጉልበት በጥቂት አምፔር ማድረስ ይቻላል። አምፔሩ በግማሽ ሲቀንስ በሽቦው ላይ የሚጠፋው ሙቀት ወደ ሩብ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ በየቦታው በትራንስፎርመር ግፊቱ እየቀነሰ፣ ቤታችን ሲደርስ 220 ቮልት ይሆናል። በትላልቅ የብረት ምሰሶዎች ላይ ከሚያልፈው መስመር ራቁ የሚባለውም ለዚህ ነው።

«ወፏስ መስመሩ ላይ ቆማ ለምን አትሞትም?» ትሉ ይሆናል። ሁለቱም እግሮቿ በአንድ ሽቦ ላይ፣ በጣት ርቀት ላይ ናቸው። በእግሮቿ መካከል ያለው ሽቦ ሬዚስታንስ ከምንም አይቆጠርም። ስለዚህ በሁለቱ እግሮቿ መካከል የግፊት ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ሰው ግን መሬት ላይ ቆሞ ሽቦውን ቢነካ በሽቦውና በመሬቱ መካከል ድልድይ ይሆናል። ኮረንቲው በሱ ላይ አልፎ ወደ መሬት ይሄዳል።

የሰው ገላ

ገላችንም ሬዚስታንስ አለው። ቆዳ ደረቅ ሲሆን 10,000 ኦምና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። በላብ ወይም በውሃ ሲረጥብ ግን ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ይችላል። አስሉት። 220 ለ1,000 ሲካፈል 0.22 አምፔር ነው። ምጣዱ ከሚስበው 11 አምፔር ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ልብን ለማቆም ግን ከበቂ በላይ ነው። 0.01 አምፔር ያህል እንኳ በእጅ ሲያልፍ ጡንቻን ያኮማትራል፤ ሰውየው ልልቀቅ ቢል መልቀቅ ያቅተዋል። ስለዚህ «እጄ ደረቅ ነው» ብሎ መድፈርም አያድንም። 220 ለ10,000 ሲካፈል 0.022 ነው፤ ይህም ለመያዝ ይበቃል።

አንድ ሰው ኮረንቲ ቢይዘው በእጃችሁ አትጎትቱት። እናንተም ትያዛላችሁ። አስቀድማችሁ ብሬከሩን አውርዱ። ካልተቻለ፣ በደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ፣ በደረቅ እንጨት ሽቦውን ከሰውየው አርቁ። ይህ ለቤት መስመር ነው። ከትልቁ ምሰሶ የወደቀ ሽቦ ከሆነ አትቅረቡ፤ ሰው እንዳይጠጋ ጠብቁና ለኤሌክትሪክ አገልግሎት አስታውቁ። የተጎዳው ሰው ደህና ቢመስልም ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ለምጣድ የሚሆን ገመድ ወፍራም ይሁን። ስትገዙ ባለሱቁን የምጣዱን ዋት ነግራችሁ ጠይቁ። ቁጥሩ በዕቃው ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ አሁን ማንበብ ትችላላችሁና አንብቡት።

ሁለተኛ፣ ገመዱ አጭር ይሁን፤ አይጠቅለል፤ በላዩም ምንም አይጫን።

ሦስተኛ፣ ቋጠሮ አታብዙ። መጋጠሚያ ካስፈለገ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሥራው።

አራተኛ፣ ሲጋገር ከ10 ደቂቃ በኋላ የገመዱን ፕላስቲክ በሩቁ አሽትቱ፤ ስፒናውን ተመልከቱ። የሚሸት ወይም የሚጠቁር ነገር ካለ ብሬከሩን አውርዱ።

አምስተኛ፣ ፊውዝን በሚስማር አትተኩ። ስድስተኛ፣ እርጥብ እጅ ከሶኬት ይራቅ።

መልመጃ

1. ሬዚስታንስን የሚወስኑት አራቱ ነገሮች ምን ምን ናቸው?

2. የአንድ ምድጃ ሬዚስታንስ 44 ኦም ነው። ከ220 ቮልት ጋር ቢገናኝ ስንት አምፔር ይስባል? ጉልበቱስ ስንት ዋት ነው?

3. ርዝመቱ 60 ሜትር በሆነው ገመድ ፋንታ፣ ውፍረቱ ያው ሆኖ 30 ሜትር ሽቦ ቢሆን ሬዚስታንሱ ስንት ይሆናል?

4. በቤታችሁ ካሉት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ላይ የተጻፈውን ዋት አንብባችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። ከዚያም በአንድ ሶኬት ላይ የሚሰኩትን ደምሩ።

መልስ፤ ለ2ኛው ጥያቄ 5 አምፔርና 1,100 ዋት ነው። ለ3ኛው 1 ኦም ነው። የ4ኛውን መልስ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ዛሬውኑ ጻፉት፤ ድምሩ ከ3,000 በላይ ከመጣም ከሶኬቱ ላይ አንዱን ዕቃ ንቀሉ። በደህና ሰንብቱ።